የተሸናፊው ቦታ

በአዘዞና በጠዳ፣ በጎንደር ከተማ፣ ከዚያም አልፎ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ምርጫና ስለ ፖለቲካ ፓርቲዎች ነው። ምርጫ በተነሣ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ "ማን አሸነፈ?" የሚል ነው። ዛሬ እኔ የማነሣላችሁ ሌላውን ጥያቄ ነው። የተሸነፈውስ ምን ሆነ? ሕይወቱ፣ ቤቱ፣ ደጋፊው፣ የተሰጠው ድምፅ የት ገባ? የአንድን አገር ምርጫ መልክ በዚህ ጥያቄ መመርመር ይቻላል፤ የእኛን ታሪክም በዚሁ እንየው።

ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በበለሳ አቅጣጫ፣ ዙሪያውን ገደል የሆነ ወህኒ የሚባል አምባ አለ። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የንጉሡ ወንድሞችና ለዙፋን የሚታሰቡ ዘመዶች ሁሉ የሚጠበቁት እዚያ ነበር። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው ይመክራሉ፤ ከአምባው አንዱን አውርደው ያነግሡታል፤ ሌሎቹ እዚያው ይቀራሉ። አፄ በካፋ ከወህኒ ወርደው የነገሡ ናቸው። ነገሩን ጭካኔ ብቻ አድርገን ብናየው ግን እንሳሳታለን። ወንድም በወንድሙ ላይ ጦር እንዳይመዝ፣ አገሬው በየንግሥናው እንዳይታረድ የተበጀ መላ ነበር። ዋጋውን የከፈለው ያልተመረጠው ነው። እሱ አንድም ይነግሣል፣ አንድም አምባው ላይ ያረጃል፤ በሁለቱ መካከል የሚቆምበት ቦታ አልነበረውም።

ይህ መካከለኛ ቦታ በዘመናዊው ኢትዮጵያ ተገኘ ወይ? ዛሬ የምንከተለው ክር ይኸው ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይምረጡለት ተባለ። ይህ "እስኪበቃ" ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጀ። በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው የመጀመሪያዋ የሴት እንደራሴ ሆኑ። ከዚያ በየአራት ዓመቱ፣ እስከ 1965 ድረስ፣ በድምሩ አምስት ጊዜ ምርጫ ተካሄደ።

ለመወዳደር ግን በምርጫ ክልሉ ርስት ወይም ንብረት ማሳየት ግድ ነበር፤ ስለዚህ ጭሰኛው መራጭ እንጂ ተመራጭ አይሆንም። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። አንድ ሰው ከአንድ ሰው ይወዳደራል፣ የተሸነፈው ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ ይመለሳል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ስለሆኑ ማንም ቢመረጥ መንግሥት አይለወጥም። ብዙ የሚያሳጣ ነገር ስላልነበረው ምርጫው ደም አላፋሰሰም፤ ብዙ የሚያስገኝ ነገርም አልነበረውም።

ፓርቲዎቹ የተወለዱት ከዚህ ምክር ቤት ርቀው ነው። መኢሶን በነሐሴ 1960 ጀርመን አገር ሃምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 በርሊን ተመሠረቱ፤ ሁለቱንም ያቋቋሟቸው በባዕድ አገር ይማሩ የነበሩ የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በምስጢር። እስቲ አስቡት፤ አገር ቤት ፓርቲ የሌለው ምርጫ፣ ውጭ አገር ምርጫ የሌለው ፓርቲ። አብዮቱ ሲፈነዳ እነዚህ ሁለት ድርጅቶች በመሬት ላራሹ ጉዳይ የሚያጣላቸው ነገር እምብዛም አልነበረም። የተጣሉት በሥልጣኑ አካሄድ ነው፤ መኢሶን ሥልጣን ከያዘው ወታደራዊ መንግሥት ከደርግ ጋር ሆኖ መሥራትን መረጠ፣ ኢሕአፓ ደርግን ተቃወመ። በድምፅ የሚሸናነፉበት መድረክ ስላልነበረ በጥይት ተፈላለጉ፤ ደርግ አንዱን በሌላው፣ በመጨረሻ ሁለቱንም አጠፋቸው። በደርጉ አስተዳዳሪ በመላኩ ተፈራ ዘመን ጎንደር ያየችውን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ልጃቸውን የት እንደተቀበረ ሳያውቁ ያለፉ እናቶች በየሰፈሩ ነበሩ።

ደርግ የራሱን ፓርቲ ኢሠፓን ካቋቋመ በኋላ በሰኔ 1979 ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ 835 ወንበሮች። ዕጩው ሁሉ ኢሠፓ ያጸደቀው ስለነበር ፓርቲው የሚሸነፍበት መንገድ አልተተወም። በዚህ ላይ መቆየት አያሻንም።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደምንኖርበት ሥርዓት እንምጣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለመራጩ ከዚያ በፊት ያልነበረውን ሰጥቶታል። አንቀጽ 38፣ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል ይላል። አንቀጽ 56፣ በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል ይላል፤ ስለዚህ መራጩ በድምፁ መንግሥት መለወጥ ይችላል ማለት ነው። አንቀጽ 58 ደግሞ የምክር ቤቱ ዘመን አምስት ዓመት መሆኑን፣ አዲሱ ምርጫም ያለው ዘመን ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው መጠናቀቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የ1987ቱና የ1992ቱ ምርጫዎች ከዚህ በኋላ ተካሄዱ፤ ውጤታቸው ግን ገና ከጅምሩ የታወቀ ነበር።

በ1997 ነገሩ ተለወጠ። ያን ዓመት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የገዢው ፓርቲ ባለሥልጣናትና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ሲከራከሩ ሰው ሥራውን እየጣለ፣ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት እየተሰበሰበ ይከታተል ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ ለተቃዋሚዎች ሰልፍ የወጣው ሕዝብ ዳርቻው አይታይም ነበር። ግንቦት 7 ቀን መራጩ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ፀሐይና ዝናብ ሳይል ድምፁን ሰጠ። በመጨረሻ በተነገረው ውጤት ከ547ቱ ወንበሮች ገዢው ኢሕአዴግ 327፣ ተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ያህል የተቃዋሚ ወንበር ከዚያ በፊት አልታየም፤ ከዚያ ወዲህም አልታየም።

ከዚያ ምን ሆነ? ቅንጅት ድምፃችን ተሰርቋል አለ፤ መንግሥት አልተሰረቀም አለ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰልፈኛ ተገደለ። ጉዳዩን እንዲመረምር በሕግ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በዚያው ወር በይቅርታ ተፈቱ። አዲስ አበባን የመረጠችው ምክር ቤት ሳይሆን ባለአደራ አስተዳደር መራት።

የዚያን ዘመን ክርክር ዛሬ ላይ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ቅንጅቶች በአንድ ከባድ ጥያቄ ተከፋፍለው ነበር፤ ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ? ብንገባ የተሰረቀውን አጽድቀናል፤ ባንገባ የመረጠንን ሕዝብ ወንበር ባዶ አስቀርተናል። አንዳንዶቹ ገቡ፣ መሪዎቹ አልገቡም። ሁለቱም ወገን ምክንያት ነበረው። ተቃዋሚውን ለዚህ አጣብቂኝ ያደረሰው ግን ገብቶ ቢናገር የሚሰማው፣ ውጭ ቢቆም የማያስረው መንግሥት አለመኖሩ ነው። የከበደውን ጥፋት የምጥለው ጠመንጃውና ማረሚያ ቤቱ በእጁ በነበረው ወገን ላይ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ሽንፈትን ከሞት ለይቶ ካላየው፣ የምርጫ ሣጥን በፊቱ ማስቀመጥ ብቻውን የትም አያደርስም።

ይኸው ጥያቄ፣ እንግባ ወይስ አንግባ የሚለው፣ ከእኛ 80 ዓመት ገደማ ቀድሞ በአንዲት ትንሽ የአውሮፓ አገር ተነሥቶ ነበር። አየርላንድ ትባላለች፤ ዛሬ የሕዝቧ ቁጥር 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

አየርላንድ ከእንግሊዝ ጋር ተዋግታ በ1914 ስምምነት ላይ ደረሰች። ስምምነቱ ሙሉ ነፃነት አልሰጠም፤ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ነኝ የሚል ቃለ መሐላም ነበረበት። አብረው የተዋጉት ጓዶች በዚህ ለሁለት ተከፈሉ፤ ከሰኔ 1914 እስከ ግንቦት 1915 እርስ በርስ ተዋጉ። ያሸነፈው መንግሥት ከ70 የሚበልጡ እስረኞችን በጥይት ደበደበ። የተሸነፈው ወገን መሪ ኤመን ደ ቫሌራ ታሰረ፤ ሲፈታም እሱና ተከታዮቹ ቃለ መሐላውን አንፈጽምም ብለው ምክር ቤት ሳይገቡ ቆዩ። በ1918 ደ ቫሌራ አዲስ ፓርቲ አቋቋመ፤ ፊያና ፎል ይባላል። በ1919 ክረምት አንድ ሚኒስትር መንገድ ላይ ተገደለ፤ መንግሥትም ተመርጦ ወንበሩን የማይረከብ ሰው ዕጩ አይሆንም የሚል ሕግ አወጣ። ደ ቫሌራ ያን ጊዜ ቃለ መሐላው ባዶ ወግ ነው ብሎ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ገባ። ከተከታዮቹ እንደ ክህደት ያዩት ነበሩ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ በ1924 ምርጫ የደ ቫሌራ ፓርቲ ብዙውን ወንበር አገኘ። አሁን የሁሉም ዓይን በጠቅላይ ሚኒስትሩ በዊልያም ኮስግሬቭ ላይ ሆነ። የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ ዘጠኝ ዓመት እንኳ አልሞላም። ወንድሙ በመንግሥት ጥይት የተገደለበት ሰው የዚያኑ መንግሥት ቢሮ ሊረከብ ነው። በየካቲት 1924 ማብቂያ፣ አዲሱ ምክር ቤት በተከፈተበት ቀን፣ ከደ ቫሌራ ሰዎች መካከል ሽጉጥ በኪሳቸው ይዘው የገቡ እንደነበሩ ይተረካል፤ አያስረክቡንም ብለው ፈርተው። ኮስግሬቭ ግን አስረከበ። ሠራዊቱም ለአዲሱ መንግሥት ታዘዘ። ደ ቫሌራ ኮስግሬቭን አላሰረውም፤ ኮስግሬቭም ለዓመታት በተቃዋሚው ወንበር ተቀምጦ መንግሥትን ሲተች ኖረ። ልጁ ሊያም ኮስግሬቭ በ1965 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በጦርነቱ ከተፋለሙት ወገኖች የወጡት ሁለቱ ፓርቲዎች ደግሞ በሰኔ 2012 ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ መንግሥት መሠረቱ።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የእኛ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የታወጀው ከኮስግሬቭ ርክክብ ስምንት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ደ ቫሌራም በ1928 ጣሊያን ስትወረን በጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር ፊት ከኢትዮጵያ ጎን ከቆሙት መሪዎች አንዱ ነበር። አየርላንዶች ከእኛ የተለየ ደም አልነበራቸውም፤ እነሱም ወንድማቸውን የገደሉ፣ ቂም ያረገዙ፣ በድህነት የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። የለያቸው ነገር የተሸነፈው ሰው ነገም ተመልሶ ማሸነፍ እንደሚችል ማመናቸው ነው። ይህን እምነት ያጸናላቸው ደግሞ የመሪዎቻቸው ጨዋነት ብቻ አልነበረም። ድምፅ ወደ ወንበር የሚለወጥበት ሕጋቸውም ረድቷቸዋል። አሁን ወደዚህ እንለፍ፤ እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ያዙ።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

በእኛ ሕግ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት፣ በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ያሸንፋል። ግማሹን ማግኘት አይጠበቅበትም። በምሳሌ እንየው። በአንድ የምርጫ ክልል 60,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው ፓርቲ 22,000፣ ሁለተኛው 17,000፣ ሦስተኛው 12,000፣ አራተኛው 9,000 አገኘ። አንደኛው አሸነፈ፤ ወንበሩ የእሱ ነው። ደምሩት፤ 38,000 ሰው የመረጠው ወደ ምክር ቤት አልገባም። ይህ በአንድ ክልል ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ተመሳሳይ ውጤት በአሥር የምርጫ ክልሎች ቢደገም ግን አንደኛው ፓርቲ አሥሩንም ወንበር ይወስዳል፤ ከመራጩ ከአሥር አራት እንኳ ሳይሞላ የመረጠው ፓርቲ። አንድ ድምፅ ሳይሰረቅ፣ አንድ ኮሮጆ ሳይገለበጥ ነው ይህ የሚሆነው።

ተመጣጣኝ ውክልና በሚባለው ሥርዓት እነዚያው አሥር ወንበሮች እንደ ድምፁ መጠን ይከፋፈላሉ፤ ለአንደኛው አራት፣ ለሁለተኛው ሦስት፣ ለሦስተኛው ሁለት፣ ለአራተኛው አንድ። አንደኛው አሁንም ይበልጣል፤ ብቻውን ግን መንግሥት አይመሠርትም፤ ከሌላው ጋር መነጋገር ግድ ይለዋል።

አየርላንዶች የሚጠቀሙት ከዚህ ለየት ያለ ነው። አንድ የምርጫ ክልል ከሦስት እስከ አምስት እንደራሴ ይልካል። መራጩ አንድ ምልክት ብቻ አድርጎ አይወጣም፤ በወረቀቱ ላይ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል ይጽፋል። አዘዞን፣ ጎንደርን፣ ማክሰኝትንና ቆላ ድባን ይዞ አራት ሰው የሚልክ አንድ ሰፊ ክልል አስቡ። 200,000 ሰው ድምፅ ቢሰጥ፣ 40,001 ድምፅ ያገኘ ሁሉ ይገባል፤ ይህን ያህል ያገኙ አምስት ሰዎች ሊኖሩ አይችሉምና። አንደኛ ያላችሁት ሰው ከሚበቃው በላይ ካገኘ ትርፉ፣ መጨረሻ ሆኖ ከወደቀ ደግሞ ድምፁ ሁሉ፣ ሁለተኛ ወዳላችሁት ይሸጋገራል። ቆጠራው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ግን ዕጩው በምረጡኝ ዘመቻው የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ መስደብ አይመቸውም፤ የዚያን ደጋፊ ሁለተኛ ምርጫ ይፈልገዋላ!

ደ ቫሌራ ራሱ በሸመገለ ጊዜ ይህን ሥርዓት አስወግዶ እኛ እንዳለን ዓይነት ሊያደርገው ፈለገ፤ ፓርቲው ትልቅ ስለነበር ይጠቅመው ነበር። በሰኔ 1951 ለሕዝብ ድምፅ አቀረበው፤ በዚያው ቀን እሱ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር ነበር። ሕዝቡ ደ ቫሌራን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ፤ ሐሳቡን ግን ጣለበት። ፓርቲው በ1961 ደግሞ ሞከረ፤ የባሰ ተሸነፈ። ሰውየውን መውደድና የሰውየውን ሐሳብ አለመቀበል ለየቅል መሆናቸውን የሚያውቅ መራጭ ትልቅ ሀብት ነው።

አውሮፓ ሩቅ ነው የምትሉ ካላችሁ ሌሶቶን ላንሣላችሁ። ሌሶቶ በደቡብ አፍሪካ የተከበበች፣ ሁለንተናዋ ተራራ የሆነ፣ ደገኛው ብርድ ልብስ ተከናንቦ በፈረስ የሚጓዝባት ትንሽ መንግሥት ናት፤ የደባርቅ ሰው ቢሄድባት አገሩ ይመስለዋል። በግንቦት 1990 በተደረገው ምርጫ አንድ ፓርቲ 60 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ወሰደ። ከመቶ 40 የሚሆነው ሕዝብ አንድ ወንበር ቀረው። ተቃውሞው ወደ ሁከት ተለወጠ፤ በመስከረም 1991 የጎረቤት አገሮች ጦር ገባ፤ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው ተነጋገሩ። 80ው ወንበር እንዳለ ሆኖ 40 ወንበር ጨመሩ፤ ጭማሪው በክልል ውድድር ለተጎዱት ፓርቲዎች በድምፃቸው መጠን ይታደላል። በ1994 በዚህ ሕግ መረጡ፤ ተቃዋሚዎችም ምክር ቤት ገቡ። ሌሶቶ ከዚያ ወዲህ ችግር አልተለያትም፤ ጥምር መንግሥቶቿ ቶሎ ቶሎ ይፈርሳሉ። ግን የከተማ ቃጠሎ እንደዚያ አልተደገመም።

የእኛን ቁጥሮች አሁን በዚህ ዓይን እዩልኝ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ፤ ተቃዋሚው መድረክ አንድ፣ የግል ተወዳዳሪ አንድ። በ2007 ሁሉንም፣ 547ቱንም። በዓመቱ፣ በ2008 ክረምት፣ ጎንደር አደባባይ ወጣ፤ ኦሮሚያ ከዚያ ቀድማ ወጥታ ነበር። ምክር ቤት ውስጥ የሚናገርለት ያጣ ሰው መንገድ ላይ ይናገራል። መንግሥትም ይህን የተረዳ መስሎ ነበር። መስከረም 30 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ምክር ቤቱን ሲከፍቱ በምክር ቤት ያልተወከሉ ድምፆች የሚሰሙበት የምርጫ ሕግ ማሻሻያ እንደሚደረግ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ኢሕአዴግና ተቃዋሚ ፓርቲዎች ወራት በፈጀ ድርድር "ቅይጥ ትይዩ" በተባለ ሥርዓት ተስማሙ፤ አብዛኛው ወንበር በነባሩ ሕግ፣ ጥቂቱ በተመጣጣኝ ውክልና እንዲሞላ። አልተፈጸመም። አንቀጽ 54ን ለመለወጥ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ማጽደቅ አለባቸው። የአገሪቱ ፖለቲካ ደግሞ በ2010 ሌላ መልክ ያዘ።

ያ ለውጥ ለምርጫ የሰጠው ነገር ቀላል አልነበረም። በዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው ከነበሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ፣ የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ በኅዳር 2011 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ታስራ የነበረች ተቃዋሚ የምርጫ ዳኛ ስትሆን ያየ አገር፣ ከ1997ቱ የተሻለ ነገር ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ቦርዱ በአዋጅ 1133/2011 እንደገና ተቋቋመ፤ በነሐሴ 2011 ደግሞ የምርጫና የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ወጣ። አዲሱ ሕግ ፓርቲ ለማቋቋም የሚያስፈልገውን የመሥራች ቁጥር ለአገር አቀፍ ፓርቲ ከ1,500 ወደ 10,000፣ ለክልላዊ ከ750 ወደ 4,000 ከፍ አደረገ። ከባድ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን አንድ ማኅተምና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ያለው ፓርቲ ለተሸነፈ ደጋፊው ቤት አይሆነውም ባይ ነኝ። ሰባት ድርጅቶች ፈርሰው በግንቦት 2011 ኢዜማን ሲያቋቁሙ፣ አደረጃጀታቸውን በምርጫ ክልል ልክ ማድረጋቸውም ለዚሁ ነው።

ወንበር የሚታደልበት ሕግ ግን አልተነካም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ስድስተኛው ምርጫ ሲካሄድ፣ ያን ጊዜ ውጤታቸው ከተነገረ 436 ወንበሮች ገዢው ፓርቲ ብልጽግና 410ሩን አሸነፈ፤ ከመቶ 94 ማለት ነው። ከተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ትግራይ በጦርነት ላይ ስለነበረ አልመረጠም። ከምርጫው በኋላ ከኢዜማ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት፣ ከአብን ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። መልካም እርምጃ ነበር፤ በአገራችን ያልተለመደም ነው። ነገር ግን አሸናፊ በፈቃዱ የሰጠው ወንበርና መራጭ በድምፁ የሰጠው ወንበር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይወስደዋል፤ ተቀማጩም ይህን እያወቀ ነው የሚናገረው።

በሰጪ ፈቃድ ሳይሆን በደንብ የተገኘ ቦታ ምን እንደሆነ ከእድራችን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሊቀ መንበርነት ተወዳድሮ ያልተመረጠ ሰው እናቱ ብትሞትበት ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ወንበሩ ይመጣለታል፣ ወጡም ይሠራለታል፤ የተመረጠው ሊቀ መንበር ይህን ሊከለክለው አይችልም፤ ደንብ ነዋ። በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ሒሳቡን ቀድሞ የሚመረምረው ያ ያልተመረጠው ሰው ነው። በጎንደር የእድር ደንብ ጽፎ የሚያጸና ሕዝብ፣ ለአገሩም እንዲህ ያለ ደንብ አይችልም የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም።

ስለ ምርጫ ሥርዓቶቹ ጉድለትም ልንገራችሁ። ነባሩ የአብላጫ ድምፅ ሕግ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የአካባቢያችሁን እንደራሴ በስም ታውቁታላችሁ፣ መንገዱ ሲበላሽ፣ ውኃው ሲጠፋ የምትጠይቁት ሰው አለ። በአንቀጽ 54 መሠረት አመኔታ ስታጡበትም ልታወርዱት ትችላላችሁ። ተመጣጣኙ በፓርቲ ዝርዝር ብቻ ከሆነ እንደራሴው የእናንተ ሳይሆን የፓርቲው ሊቀ መንበር ሰው ይሆናል። በብሔር በተደራጀ ፖለቲካ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ ፓርቲዎችን አብዝቶ መንግሥት መመሥረትን ሊያስቸግር ይችላል። ሁለቱን ያጣመረው፣ በ2010 ገደማ ፓርቲዎቹ ተስማምተውበት የነበረው መንገድ፣ ወይም እንደ ሌሶቶ የተጎዳውን የሚክሰው፣ ለእኛ የተሻለ ይመስለኛል። በዚህ ከእኔ የምትለዩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጻፉልን።

ስለ ምርጫ ስናገር ስለ ሰላም ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምን እንዳሳለፋችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። በዚህ ጦርነት በሁለቱም በኩል የሚሞተው የገበሬ ልጅ ነው። የተፋለሙት ወገኖች አንድ ቀን መነጋገራቸው አይቀርም፤ ሲነጋገሩ የሚጠየቁት ጥያቄ ኮስግሬቭና ደ ቫሌራ የተጠየቁት ነው፤ ብሸነፍ አንተ ምን ታደርገኛለህ? ለዚህ በወረቀት የተጻፈ፣ በሕግ የታሰረ፣ በሠራዊቱ የተከበረ መልስ ካልተዘጋጀ ጠመንጃ አስቀምጡ ማለት ብቻውን አይበቃም።

የዛሬውን ከመጨረሴ በፊት ሁላችሁም ልታደርጉት የምትችሉትን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በአዋጅ 1162/2011 መሠረት ድምፅ የሚቆጠረው በምርጫ ጣቢያው ነው፤ ውጤቱም እዚያው በጣቢያው ይለጠፋል። ምርጫ በሚደረግበት ጊዜ በነጋታው ወደ ጣቢያችሁ ሂዱና የተለጠፈውን አንብቡ። የአሸናፊውን ብቻ አንብባችሁ እንዳትመለሱ። የሁለተኛውን፣ የሦስተኛውን፣ የመጨረሻውንም ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉ፤ ልጆቻችሁ ይደምሩት፤ ከመቶ ስንት እንደሆነ ያስሉት። ከጎረቤት ጣቢያ ካለው ዘመዳችሁ ጋር አስተያዩት። ወንበርና ድምፅ በሠፈራችሁ ምን ያህል እንደተራራቁ የምታዩት ያን ጊዜ ነው፤ የሕግ ማሻሻያ ውይይት ሲጠራም ቁጥራችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ። የሲቪክስ መምህራን ሆይ፣ ይህ ለክፍል ሥራ የሚሆን ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የምርጫ ጣቢያ ታዛቢ ማን ነው፣ መብቱስ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለውን ይዘን እንቀርባለን።